«ለማን ነበር የጸለየው?»

የምክር ዓምድ

ከድሬዳዋ የደረሰን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው፤ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ባለች ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ። አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ ሙስሊም ናት። ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰፍተናል። በረመዳን ሾርባና ሳምቡሳ ሳትልክልኝ አታፈጥርም፤ እኔም ለፋሲካ ከድፎው ዳቦ ሳልቆርስላት አልውልም። ሥጋችን አይገናኝም እንጂ ሌላው ሁሉ ይገናኛል።

ባለፈው የገና ማግስት ሥራ ቀዝቅዞ ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ ‹አቦ፣ ወላሂ ላስቀይምሽ ብዬ አይደለም› ብላ ጀመረች። ‹ኢየሱስ አምላክ ከሆነ፣ ሊይዙት ሲመጡ በዚያ ሌሊት እየተጨነቀ ለማን ነበር የጸለየው? አምላክ ይርበዋል? ይተኛል?› አለችኝ። እኔ ‹ምስጢር ነው› አልኳት። ‹እሺ› ብላ ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች። ያቺ ‹እሺ› ከስድብ በላይ ነው የጎዳችኝ። የምመልሰው ስላልነበረኝ ዝም ያልኩ መሆኔን አውቃለች።

በቤተ ክርስቲያን የሚያስተምር አንድ ሰው ጠየቅሁ። ‹እንዲህ ያለ ጥያቄ የሰይጣን ነው፤ ከዚያች ልጅ ራቂ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ላይ ጸሎተ ሃይማኖት ሲደርስ፣ ‹የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ› የሚለው ጋ ምላሴ ይያዛል። ጋሼ፣ ለጓደኛዬ ምን ልበላት? ልራቃትስ? ደግሞስ እኔ ራሴ አሁንም ክርስቲያን ነኝ?

ልቧ የተከፈለ፣ ከድሬዳዋ»

ልጄ፣ የመጨረሻውን ጥያቄሽን አስቀድሜ ልመልስ፤ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ይመስለኛል። አዎ፣ ክርስቲያን ነሽ። ከልጅነትሽ ጀምሮ በዜማ ስትይው የኖርሽው ቃል ምን ያህል ከባድ ቃል እንደሆነ ጓደኛሽ አንድ ቀን አሳየችሽ፤ ምላስሽ የተያዘውም ለዚህ ነው። ቃሉን የናቀ ሰው ምላሱ አይያዝም፤ እንደ ዘፈን ብሎት ያልፋል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ልጁ የታመመበት አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። ጌታም ልጁን ፈወሰለት። መጀመሪያ ጥርጣሬህን ጨርሰህ ተመለስ አላለውም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ጥያቄው እኔንም ያገኘኝ በልጅነቴ ነው።

ያደግኩት ሐረር፣ ከሸዋ በር ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው። ማለዳ የመስጊዶቹ አዛን ይቀድማል፤ ጥቂት ቆይቶ ከጀጎል ውስጥ የመድኃኔዓለም ደወል ይከተላል። ሁለቱን እየሰማ የሚነሣ ልጅ መጠየቁ አይቀርም። አንድ እሑድ የጀልባዋ ታሪክ ተነበበልን። ማዕበል ተነሥቷል፣ ውኃው ጀልባዋን ሊሞላት ደርሷል፣ ጌታ ግን በስተኋላ ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል። እጄን አወጣሁና «እግዚአብሔር ይተኛል እንዴ?» አልኩ። ያስተምረን የነበረው ሰው በጥፊ መታኝ። ጥፊው አልፏል፤ ያላለፈው ሌላ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ለዓመታት ምንም አልጠየቅሁም፤ ሳልጠይቅ በቆየሁበት ዘመን ደግሞ የተማርኩት ነገር የለም። አንቺን «ራቂ» ያለሽ ሰው ያደረገብሽ ያንኑ ነው፤ እጁን አላነሣብሽም እንጂ። ደብዳቤሽን ሳነብ የተናደድኩት በዚህ ነው፣ ልደብቅሽ አልፈልግም።

ኋላ ጎልማሳ ሆኜ ትርጓሜ የተማሩ አንድ ሽማግሌ መምህር አገኘሁ። ያንኑ የልጅነት ጥያቄ በፍርሃት አቀረብኩላቸው። «ደግ ጠየቅህ» አሉና መጽሐፉን አውጥተው የማርቆስን ምዕራፍ 4 ገለጡልኝ። «አንተ መተኛቱ ጋ ቆምህ። ቀጥል እንጂ፣ ንባቡ አላለቀም።» ቀጠልኩ። ተነሥቶ ነፋሱን ገሠጸው፤ ባሕሩንም «ዝም በል፣ ጸጥ በል» አለው፤ ታላቅ ጸጥታም ሆነ። «የተኛው ማን ነው?» አሉኝ። ኢየሱስ አልኩ። «ባሕሩን ያዘዘውስ?» ኢየሱስ። «ሁለት ሰዎች ናቸው?» አይደሉም አልኩ። «እንግዲህ ያዝ። ሰው ባይሆን ባልተኛ፤ አምላክ ባይሆን ባሕሩ ባልሰማው። ሃይማኖታችን ያቺ ጀልባ ላይ አለች።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ከዚህ የቀለለ መንገድ ግን አላገኘሁም። ማርቆስ ታሪኩን የሚዘጋው ደቀ መዛሙርቱ በፍርሃት ሆነው «ነፋስና ባሕር እንኳ የሚታዘዙለት ይህ ማን ነው?» ሲባባሉ ነው። መልሱን አይጽፍም። ግን የጠየቁትን ሰዎች ተመልከቺ። መዝሙረ ዳዊትን በቃላቸው የሚያውቁ አይሁድ ናቸው፤ በመዝሙሩ ደግሞ ማዕበሉን ጸጥ የሚያሰኝ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ስለዚህ ፍርሃታቸው ከማዕበሉ ወደ ሰውዬው ዞረ። ከዚያ በፊት ምዕራፍ 2 ላይ ሽባውን «ኃጢአትህ ተሰረየችልህ» ባለው ጊዜ የተቀመጡት ጻፎች «ከአንዱ ከእግዚአብሔር በቀር ኃጢአት ሊያስተሰርይ ማን ይችላል?» ብለው በልባቸው አጉረመረሙ። ጥያቄያቸው ልክ ነበር፤ ጓደኛሽ የምትጠይቀውም ከዚሁ ወገን ነው።

«ምስጢር ነው» ስላልሻት ላንሣ። ቃሉ አልተሳሳተም፤ ቦታው ነው የተሳሳተው። ቤተ ክርስቲያናችን አምስቱ አዕማደ ምስጢር የምትላቸው አሏት፤ ምስጢረ ሥላሴ፣ ምስጢረ ሥጋዌ (አምላክ ሰው የመሆኑ ምስጢር)፣ ምስጢረ ጥምቀት፣ ምስጢረ ቁርባን፣ ምስጢረ ትንሣኤ ሙታን። አምስቱም ይማሯቸዋል፣ ይጠየቁባቸዋል፣ ለሕፃን ሳይቀር ያስጠኗቸዋል። ምስጢር የተባሉት አትንኩን ለማለት ቢሆን ኖሮ ማን ያስተምራቸው ነበር? የምናውቀውን ያህል ተናግረን፣ አእምሯችን የሚያቆምበት ስንደርስ «ከዚህ በላይ ምስጢር ነው» እንላለን። አንቺ ከመጀመሪያው አልሽው። በር ከፍቶ «ግቡ» ከማለት በፊት መዝጋት ማለት ነው።

እንግዲህ ለማን ነበር የጸለየው? ለአብ። ክርስቲያኖች ወልድ አብ ነው አይሉም። እግዚአብሔር በባሕርይ፣ በመለኮት አንድ ነው፤ በአካል ሦስት። ወልድ ወደ አብ ሲጸልይ ከራሱ ጋር እያወራ አይደለም። ይህ አንዱ ወገን ነው። ሌላው ወገን፣ ለእኔ ይበልጥ የሚጠጋኝ፣ ሰው ስለሆነ ጸለየ የሚለው ነው። ቃል ሥጋ ሆነ ስንል ከሰውነት የተሻለውን መርጦ ወሰደ፣ ረሃቡንና ላቡን ተወ ማለታችን አይደለም። ሰው ይጾማል ይርበዋል፣ ይደክመዋል ይተኛል፣ ወዳጁ ሲሞትበት ያለቅሳል፣ ሲጨንቀው ወደ ፈጣሪው ይጮኻል። ያልጸለየ፣ ያልራበው፣ ያላለቀሰ ኢየሱስ ቢሰበክልን ኖሮ እኔ በአምላክነቱ ሳይሆን በሰውነቱ እጠራጠር ነበር። ይህን ጥርጣሬ ያነሡ ደግሞ በጥንት ዘመን ነበሩ፤ ሥጋው የታይታ ነው፣ ምትሐት ነው አሉ። ቤተ ክርስቲያን እነሱንም እንደ ሌሎቹ አጥብቃ ተቃወመች። ጓደኛሽ እንደ እንቅፋት ያየችው ረሃብ፣ ለእኛ የምሥራቹ ራሱ ነው።

«አምላክ ይወለዳል እንዴ?» የሚለውን በደብዳቤሽ አላነሣሽውም፤ መምጣቱ ግን አይቀርም፣ ተዘጋጂለት። አባቶቻችን ሁለት ልደት ይላሉ፤ ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፣ ድኅረ ዓለም ከእመቤታችን ያለ አባት። የመጀመሪያው ልደት እንደ ሰው ልደት ባልና ሚስት የሚያስፈልገው፣ ቀንና ሰዓት ያለው አይደለም። ቃል ከልብ እንደሚወለድ፣ ብርሃን ከብርሃን እንደሚገኝ ነው። ጧፍ ከጧፍ ስታበሪ የመጀመሪያው ብርሃን አይጎድልም፣ ሁለተኛውም ሌላ ዓይነት ብርሃን አይሆንም። «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ» የሚለው፣ ምላስሽን የያዘው ቃል ይህን ነው የሚጠብቀው። ሠዓሊ ሥዕል ይሠራል፣ ልጅ ግን ይወልዳል። ሥዕሉ ከሠዓሊው ሌላ ነው፤ ልጁ ግን የአባቱ ባሕርይ አለው። ሙስሊም ወዳጅሽ «አልወለደም፣ አልተወለደም» የሚለውን በቁርኣኑ ምዕራፍ በሱረቱል ኢኽላስ ከልጅነቷ ጀምሮ ትቀራዋለች። እሷ የምትክደው እግዚአብሔር እንደ ፍጡር ሚስት አግብቶ ልጅ አፈራ የሚለውን ከሆነ፣ እሱንስ እኛም እንክዳለን። ልዩነታችን ከዚያ ቀጥሎ ነው የሚጀምረው፤ እሱን አታድበስብሺው።

ስለ እሷ ጥቂት ልበልሽ፤ ሳታውቂያት እንዳትመልሺላት። ሙስሊሞች ኢየሱስን ዒሳ አልመሲሕ ይሉታል። ከድንግል መርየም መወለዱን ያምናሉ፤ በቁርኣን 19ኛው ሱራ በእሷ ስም ነው የተጠራው። በእስልምና ታሪክ እንደሚተረከው፣ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሙስሊሞች በንጉሡ ፊት ቀርበው ያነበቡት ከዚሁ ሱራ ነው፤ ንጉሡም አለቀሰ ይባላል። ስለዚህ መሲሕ የሚለው ቃል በእናንተ መካከል የጋራ ነው። ነቢይ መሆኑን፣ ተአምር ማድረጉን፣ ተመልሶ መምጣቱን ትቀበላለች። የማትቀበለው አምላክነቱንና መሰቀሉን ነው። የማትቀበልበት ምክንያት ደግሞ ከንቀት የመጣ አይደለም። ለእግዚአብሔር ክብር ትሳሳለች፤ ፍጡርን ከፈጣሪ ጋር ማጋራት ለእሷ ከኃጢአት ሁሉ የከፋ ነው። እንዲህ ለፈጣሪው የሚሳሳ ሰው ጠየቀሽ። ክብር ነው።

አንዳንድ ሰዎች የሚያደርጉትን አታድርጊ። ቁርኣን ዒሳን «የአላህ ቃል» ይለዋልና «ይኸው ራሳችሁ አመናችሁ» ብለው ሊያጠምዱ ይሞክራሉ። ቃሉ በ4ኛው ሱራ ቁጥር 171 አለ፤ ግን እዚያው ቁጥር ላይ «ሦስት አትበሉ» ይላል። ግማሹን ቆርጦ ማሳየት ሐቀኛ አይደለም። እሷ ወንጌልን እንዲህ ብትቆርጥብሽ ደስ አይልሽም።

መሲሕ የሚለው ቃል ግን ከሁለታችሁም በፊት የአይሁድ ነው። የተቀባ ማለት ነው፤ በግሪክ ክርስቶስ የሚባለውም ይኸው ነው። አይሁድ የሚጠብቁት ከዳዊት ዘር የሚነሣ፣ ሕዝቡን የሚያድን የተቀባ ንጉሥ ነው፤ ሰው ነው። ታዲያ በየቀኑ «እስራኤል ሆይ ስማ፣ አምላካችን እግዚአብሔር አንድ እግዚአብሔር ነው» እያሉ የሚጸልዩ ሰዎች እንዴት ለአንድ የናዝሬት ሰው ሰገዱ? ይህ በጣም የሚያስደንቀኝ ነገር ነው። ጣዖት ማምለክ የለመዱ አልነበሩም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በ55 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሲጽፍ፣ ምዕራፍ 8 ላይ ያንኑ የአንድነት ጸሎት ይዞ «አንድ አምላክ አብ አለን… አንድ ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ አለን» አለ። አንድነቱን ሳያፈርስ ኢየሱስን በውስጡ አስገባው። በዚያው መልእክት መጨረሻ ላይ ሳይተረጎም የቀረ አንድ የአረማይክ ቃል አለ፤ «ማራናታ»፣ ጌታችን ሆይ ና። ግሪክ ከመናገራቸው በፊት በኢየሱስ በራሱ ቋንቋ ይጸልዩ የነበሩት የመጀመሪያዎቹ አማኞች ይጠሩት የነበረው እንዲህ ነው። ለሞተ አስተማሪ «ና» አይባልም። ቶማስም ቁስሉን አይቶ «ጌታዬ አምላኬም» አለው፤ አልተቆጣውም፣ አልከለከለውም።

ይህን የማነሣልሽ፣ «አምላክ ያደረገው የሮም ንጉሥ ነው፤ በኒቅያ ጉባኤ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ» የሚል ወሬ በየሻይ ቤቱ ስለሚወራ ነው። ጉባኤው የተደረገው በ325 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ከ200 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ112 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ፕሊኒ የሚባል ክርስቲያን ያልሆነ የሮም አገረ ገዢ ለንጉሡ ለትራጃን በጻፈው ደብዳቤ፣ ክርስቲያኖች ገና ሳይነጋ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ እንደሚዘምሩ ተናግሯል። ማኅሌት ቆመሽ ታውቂያለሽ አይደል? ያኔም ይቆም ነበር።

በኒቅያ የተነሣው ክርክር ሌላ ነው። የእስክንድርያው ካህን አርዮስ ኢየሱስ ተራ ሰው ነው አላለም። ከፍጥረት ሁሉ በፊት የተፈጠረ፣ ከሁሉ የከበረ ነው፤ ግን ፍጡር ነው፣ «ያልነበረበት ጊዜ ነበረ» አለ። (የይሖዋ ምሥክሮች ዛሬ ወልድ የመጀመሪያው ፍጡር ነው ብለው የሚያስተምሩት ለዚህ ይቀርባል፤ ደጅሽን ካንኳኩ ጥያቄው አዲስ እንዳይመስልሽ።) ቤተ ክርስቲያናችን 318ቱ ሊቃውንት የምትላቸው አባቶች መለሱለት። ያን መልስ ነው አንቺ በየቅዳሴው የምትዪው፤ ብርሃን ዘእምብርሃን፣ አምላክ ዘእምአምላክ። ከሁሉ በላይ የተከራከረው አትናቴዎስ ነው። ከ328 እስከ 373 እ.ኤ.አ. የእስክንድርያ ጳጳስ ሆኖ፣ አምስት ጊዜ ተሰደደ፣ ከ45 ዓመት ሹመቱ 17 ያህሉን በስደት አሳለፈ። ነገሩ በንጉሥ ትእዛዝ የተወሰነ ቢሆን ኖሮ ነገሥታቱ እሱን ባላሳደዱት ነበር።

ይህ ሰው ደግሞ የእኛም ነው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብለን የምንጠራውን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው አትናቴዎስ ነው። በ356 እ.ኤ.አ. አካባቢ አርዮሳውያንን ይደግፍ የነበረው ንጉሥ ቆንስጣንዮስ ለአክሱሙ ንጉሥ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ ፍሬምናጦስ ተመልሶ ይመርመር ብሎ ጠየቀ። ደብዳቤው በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተቀምጦ እስከ ዛሬ ይነበባል። አስቢው፤ አንቺ ቀፊራ የስፌት መኪና አጠገብ የተጠየቅሽው ጥያቄ፣ ከ1600 ዓመት በፊት በሮም ንጉሥና በአክሱም ንጉሥ መካከል የፖለቲካ ጉዳይ ነበር።

በኋላ ዘመንም ቢሆን ዝም አልተባለም። መሲሕ የተቀባ ማለት ከሆነ፣ አምላክ ከሆነስ ማን ቀባው፣ ለምን? የጎንደር፣ የጎጃምና የሸዋ ሊቃውንት፣ ቅባት፣ ጸጋና ተዋሕዶ በሚባሉ የትምህርት ወገኖች ተከፍለው፣ ከ200 ዓመት በላይ ተከራክረውበታል። ያበቃው በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስና ምኒልክ በተገኙበት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው፤ የተዋሕዶው ትምህርት ጸና። በክርክሩ የተጎዱ ሰዎች ስለነበሩ በደስታ አላወራውም። ግን ጥያቄው የሰይጣን ቢሆን ሊቃውንቱ ሁሉ ምን ሲሠሩ ነበር?

አሁን የነገሩ ልብ ጋ ደርሰናል። አምላክ ሆነም አልሆነም ምን ለውጥ ያመጣል? አንቺ የድሬ ልጅ ስለሆንሽ በደቻቱ ወንዝ ልንገርሽ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ያደረገውን ያኔ ሕፃን ብትሆኚም ስትሰሚው አድገሻል፤ ምናልባትም ከቤተሰብሽ የተጎዳ ይኖራል። ጎርፍ የወሰደውን ሰው ለማዳን ከዳር ሆኖ ገመድ የሚወረውር አለ፤ ሌላ ሰው የሚልክ አለ፤ ራሱ ዘሎ ውኃው ውስጥ የሚገባም አለ። ሦስቱም ደግ ናቸው። ክርስቲያኖች ስለ እግዚአብሔር የምንለው ሦስተኛውን ነው። ነቢያትን ላከ፣ ሕግ ሰጠ፣ በመጨረሻ ራሱ ገባ። ኢየሱስ ከፍጥረት ሁሉ የከበረ ግን ፍጡር ከሆነ፣ እግዚአብሔር ሌላውን ወደ መከራ ልኮ እሱ ዳር ቆሟል ማለት ነው። አምላክ ከሆነ ግን የተራበው፣ ያለቀሰው፣ የተቸነከረው እሱ ራሱ ነው። የአትናቴዎስ ሙግትም ይኸው ነበር፤ ፍጡር ፍጡርን ከፈጣሪው ጋር ሊያገናኝ አይችልም፣ እሱም ራሱ የሚያገናኘው ያስፈልገዋልና። እኔ ወንድሜን በቀበርኩበት ሳምንት ያቆመኝ ይህ ነው። ሞትን ከሩቅ የሚያዝን አምላክ ሳይሆን ከውስጥ የሚያውቅ አምላክ ነበር የሚያስፈልገኝ።

ጓደኛሽ እዚህ ላይ «እግዚአብሔር እንዲህ አይዋረድም» ልትል ትችላለች። ቅን አባባል ነው። እኛ ደግሞ ክብሩ የታየው በመውረዱ ነው እንላለን። ልዩነታችሁ በትክክል እዚህ ላይ ነው፤ ሁለታችሁም አውቃችሁት ብትለያዩ ሳታውቁ ከመስማማት ይሻላል።

የሚከብድሽን ጥቅስም አልደብቅሽም። ማርቆስ 13 ላይ «ስለዚያች ቀን… ልጅም ቢሆን» የሚያውቅ የለም ይላል። ዮሐንስ 14 ላይ «ከእኔ አብ ይበልጣል» አለ። አርዮስም የሙጥኝ ያለው እንዲህ ባሉት ነው። አባቶች የመለሱት፣ ስለ ትስብእቱ፣ ሰው ስለ መሆኑ ተናገረው ብለው ነው፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ የባሪያን መልክ ያዘ፣ የፊልጵስዩስ መልእክት ምዕራፍ 2 እንደሚለው። እኔ ይህን እቀበላለሁ። ሆኖም ጥቅሱን ሳነብ ዛሬም ቆም እላለሁ። ወንጌላውያኑ ለስብከት ይመቻል ብለው ቢጽፉ ኖሮ ይህን ቃል ቀድመው ያወጡት ነበር፤ አላወጡትም። ለዚህ ነው የማምናቸው።

ጓደኛሽን አትራቂያት። ዘጠኝ ዓመት አብራሽ ክር የሳበች ሴት አንድ ቅን ጥያቄ ስለጠየቀች የምትርቂያት ከሆነ፣ ስለ ክርስቶስ የምትነግሪያት መልስ እሱ ይሆናል፤ እኔ ከዚህ በላይ የጻፍኩትን ሁሉ ያፈርሰዋል። ስለዚህ አንድ ቀን፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ አንቺው አንሺው። «ያን ቀን ምስጢር ነው ያልኩሽ መልሱን ስላላወቅሁ ነበር» በያት። ይህን ስትሰማ ከመልሱ ይበልጥ ደስ ይላታል። ከዚያ ስለ ጀልባዋ ንገሪያት፤ ስለ ኒቅያ አትጀምሪ፣ ጀልባዋ ትበልጣለች። አንቺ ተናግረሽ ስትጨርሺ አንቺም ጠይቂያት፤ ዒሳ ለእሷ ማን እንደሆነ፣ ስትጸልይ ምን እንደሚሰማት። ልታሸንፊያት ብለሽ አትስሚያት። ካላመነችልሽም አንቺ ወደቅሽ ማለት አይደለም። ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ።

ለራስሽ ደግሞ ይህን አድርጊ። የማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፍ ነው፤ በቀን ሁለት ሁለት ብታነቢ በስምንት ቀን ታልፊዋለሽ። ስታነቢ «ይህ ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ ይዘሽ አንብቢ፤ ሌላውን ተዪው። ከዚያ ለንስሐ አባትሽ የሆነብሽን ሁሉ ሳትሸፍኚ ንገሪያቸው። እሳቸው ማስተማር የሚመቻቸው ካልሆኑ አይክፋሽ፤ ማናዘዝና ማስተማር ሁልጊዜ በአንድ ሰው አይገኝም። ምስጢረ ሥጋዌን የሚያስተምር ሊቅ እንዲጠቁሙሽ ጠይቂ። ለታኅሣሥ ወይም ለሐምሌ 19 ቁልቢ የምትወጪ ከሆነ፣ ንግሡ ላይ ግርግሩ ስለሚበዛ ዋዜማውን ቀደም ብለሽ ድረሺ፤ እዚያ ተቀምጠው የሚያስተምሩ መምህራን ይገኛሉ። የሚቆጣሽ ካጋጠመሽ ተነሥተሽ ወደሚቀጥለው ሂጂ።

ጸሎተ ሃይማኖቱን በተመለከተ፣ አታቋርጪው፤ ቀስ በዪበት እንጂ። «ዘተወልደ ወአኮ ዘተገብረ» ስትደርሺ ድምፅሽ ቢጠፋ፣ አጠገብሽ የቆሙት ያሉታል፤ ለዚያ ነው በአንድነት የሚባለው። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ የአጠገብሽ ሰው ድምፅ ሲጠፋ አንቺ ትዪለታለሽ።

ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ ስለ ጀልባዋ ስትነግሪያት ምን እንዳለችሽ ማወቅ እፈልጋለሁ። ለእሷም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ጥያቄዋ ሐረር ድረስ ደርሶ አንድ ሽማግሌ መጽሐፉን እንደገና እንዲገልጥ አድርጎታል በያት።